ቀልዳቸው በየአፉ፣ ዝማሜያቸው በየማሕሌቱ

የአለቃ ገብረ ሃና ስም ሲነሣ ፈገግ የማይል ኢትዮጵያዊ ማግኘት ያስቸግራል። በትምህርት ቤት ግቢም ሆነ በመሥሪያ ቤት የሻይ ሰዓት፣ በለቅሶ ድንኳንም ሆነ በሠርግ ዳስ፣ አንድ ሰው «አለቃ ገብረ ሃና አንድ ቀን…» ብሎ የጀመረ እንደ ሆነ ጨዋታው እስኪያልቅ ድረስ ሰሚው ሁሉ ጆሮውን ይሰጠዋል። ስልክና ኢንተርኔት በሌለበት ዘመን የተነገረ ቀልድ ከቤተ መንግሥት ወጥቶ ገበያ፣ ከገበያ ወጥቶ ገጠር እየደረሰ አገር ማዳረሱ፣ ዛሬ ወጣቶቻችን በስልካቸው ለሚቀባበሉት ወሬ አያቱ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። እንዲያውም የአለቃ ቀልድ ከዚህ ይበልጣል፤ የስልኩ ወሬ በሦስተኛው ቀን ይረሳል፤ የእርሳቸው ቀልድ ግን መቶ ዓመት አልፎትም ይሥቁበታል።

በዚያው መጠን፣ እርሳቸው ያልተናገሩት ስንትና ስንት ቀልድ በስማቸው ተለጥፎ ይዞራል። ማን እንደ ተናገረው ያልታወቀ ብልህ ነገር ሁሉ ባለቤት ሲታጣለት ወደ አለቃ ገብረ ሃና ይላካል። ይህም የዝነኛ ሰው ዕጣ ነው።

እኛ ግን ዛሬ ልናነሣ የፈለግነው ቀልዱን አይደለም። ቀልደኛው አለቃ ገብረ ሃና አንድ ትልቅ የፈጠራ ሥራ ትተው ያለፉ ሊቅ ናቸው። ሥራውም እስከ ዛሬ በማሕሌት ይቆማል፤ ደብተራው ሁሉ በመቋሚያው ይዘመምበታል፤ ነገር ግን በስማቸው አይጠራም። ያልተናገሩት በስማቸው ሲነገር፣ የፈጠሩት በሌላ ስም ሲጠራ ይኖራል። ይህ እንዴት እንደ ሆነ ማወቅ፣ ይልቁንም በድርሰትና በዜማ ሥራ ላይ ላሉ ወጣቶች፣ ጥቅም ያለው ይመስለናል።

አለቃ ገብረ ሃና የተወለዱት በዛሬው የደቡብ ጎንደር ዞን በፎገራ፣ ናበጋ ጊዮርጊስ በሚባለው አገር ነው። ከአፄ ቴዎድሮስ መንግሥት አስቀድመው ተወልደው እስከ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን የኖሩ፣ ከነገሥታቱና ከመኳንንቱ ጋር አንዳንድ ጊዜ ተስማምተው፣ አንዳንድ ጊዜም በአፋቸው ምክንያት ተጋጭተው ያሳለፉ ሰው ናቸው። ሕዝቡ በቀልዳቸው ይወቃቸው እንጂ በሊቃውንቱ ዘንድ የሚታወቁት በቅኔ፣ በአቋቋምና በፍትሐ ነገሥት ዐዋቂነታቸው ነው። በጎንደርም ወንበር ዘርግተው አስተምረዋል።

እንዲህ ያለ ሰው፣ ያለ ጨዋታ የማያድር፣ የሰው ፊት የሚወድ፣ ሰውም የሚወደው፣ አንድ ጊዜ ከከተማ ወጥቶ ወደ ጣና ባሕር፣ ወደ ሬማ መድኃኔ ዓለም ገዳም ገባ። ሬማ ደሴት ናት። ወደ እርሷ የሚያደርሰው ታንኳ ነበር፤ ታንኳውም የሚሠራው ከደንገል ነው። ገበያ የለባት፣ ግብር የለባት፣ ቀልድ ተናግረው የሚያሥቁት መኳንንት የለባት። የአቋቋም መምህራን ሲተርኩ፣ አለቃ በዚያ ሳሉ በባሕሩ ዳር የበቀለው ሸምበቆና ደንገል ነፋስ ሲነካው ወደ ቀኝ ወደ ግራ ሲያዘነብል፣ ማዕበሉም መጥቶ ሲመለስ እየተመለከቱ፣ የመቋሚያውን አካሄድ ከዚያ ቀዱት ይባላል። ከዚህ የወጣው ስልት ነው ዛሬ በመላው ኢትዮጵያ ስሙ የታወቀው ዝማሜ።

ዝማሜ ምን እንደ ሆነ ለማያውቅ ወጣት አንባቢያችን ጥቂት ማብራራት ይገባናል። በማሕሌት ሌሊት ሊቃውንቱ በቀኝና በግራ ተሰልፈው ይቆማሉ። ዜማው በመጀመሪያ ያለ ከበሮ በቁም ይዜማል። ቀጥሎ ዝማሜ ይመጣል፤ በዚህ ጊዜ ከበሮ አይመታም፤ መቋሚያው ግን ዜማውን እየተከተለ ወዲያና ወዲህ ይላል፤ የሰውነትም እንቅስቃሴ አብሮት ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ከበሮና ጸናጽል ይገቡና መረግዱ፣ ጽፋቱ፣ ወረቡ እየተፋጠነ ይከተላል። ስለዚህ ዝማሜ ማለት ዜማው በድምፅ ብቻ ሳይሆን በዐይንም የሚታይበት ክፍል ነው። መቋሚያው የሚያዘነብልበት፣ የሚነሣበትና መሬት የሚነካበት ቦታ ሁሉ ከዜማው ምልክት ጋር የተሳሰረ ነው እንጂ እንደ ዘፈን ጭፈራ ለስሜት የተተወ አይደለም። አንድ ሰው አዲስ ዝማሜ ፈጠረ ሲባል እንግዲህ፣ ለብዙ መቶ የዜማ አንቀጽ፣ ለዓመቱ በዓል ሁሉ፣ እያንዳንዱን እንቅስቃሴ አስቦና አስማምቶ ሠራ ማለት ነው። ይህን በአንድ ሌሊት ተነሥቶ የሚያደርገው የለም።

አለቃ ገብረ ሃናን ወደ ደሴቱ የወሰዳቸው የጸሎት ፍላጎት ይሁን፣ የቤተ መንግሥት ቍጣ ይሁን፣ ትረካው ይለያያል። እኛን የሚያስደንቀን ሌላ ነው። ቀልድ የሚወለደው በሰው መካከል ነው፤ ሰሚ ከሌለ ቀልድ የለም። አለቃም ቀልዱን ለመሥራት አንድ ቀን ብቸኝነት አላስፈለጋቸውም፤ ሰው ተናገራቸው፣ መልሱ ከአፋቸው ወጣ፣ አለቀ። ለዝማሜው ግን ያው ሰው፣ ያው አንደበት፣ ዝም ማለት አስፈለገው። በኢትዮጵያ ከማንም ይልቅ ሰሚ የማያጡት ሰው፣ ሰሚ ወደሌለበት ሄደው ሠሩት።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። አለቃ አዲሱን ዝማሜ ይዘው ሲመጡ የጎንደር ሊቃውንት በእልልታ አልተቀበሏቸውም። ጎንደር የአቋቋም መዲና ናት፤ ላይ ቤትና ታች ቤት እየተባለ የሚጠራ፣ ከአባት ከአያት የተላለፈ የራሷ ሥርዓት አላት። «ይህ ከየት የመጣ ነው? የአባቶቻችንን ትተን የባሕር ዳር ሸምበቆ እንከተል?» ያሉ እንደ ነበሩ ይነገራል። እነዚህን ሊቃውንት በጠባብነት መክሰስ ቀላል ነው፤ እኛ ግን ሙሉ በሙሉ አንፈርድባቸውም። የድምፅ መቅረጫ በሌለበት ዘመን፣ ቅዱስ ያሬድ የደረሰው ዜማ በቃል ሳይፈርስ የቆየው እነርሱን በመሰሉ ጥብቅ ሰዎች ጠባቂነት ነው። አዲስ ነገር ሲመጣ የሚጠራጠር ባይኖር ኖሮ ዛሬ አሮጌውም አዲሱም በእጃችን ባልኖረ ነበር።

እዚህ ላይ አለቃ ያላደረጉትን መመልከት ይገባል። ያ ሁሉ የቀልድ መሣሪያ በእጃቸው ሳለ፣ በአንድ ቃል ባላጋራቸውን አገር እንዲሥቅበት ማድረግ ሲችሉ፣ ዝማሜያቸውን በቀልድ አልተከራከሩለትም። ያደረጉት ነገር ቢኖር ለአንድ ሰው ማስተማር ነው፤ ለልጃቸው ለተክሌ። አለቃ ተክሌም ከአባታቸው የተማሩትን ይዘው በደብረ ታቦር ወንበር ዘረጉ። ተማሪው ከየአገሩ መጣ፤ ተማረ፤ ተመረቀ፤ ወደየደብሩ ተመለሰ። ዝማሜውም በተማሪው እግር ልክ፣ በቀን የአንድ ቀን መንገድ እየተጓዘ፣ አገር አዳረሰ። ያስተማረው ተክሌ ነውና ስሙ «የተክሌ ዝማሜ»፣ «የተክሌ አቋቋም» ተባለ፤ እስከ ዛሬም እንዲሁ ይባላል። የአቋቋም ተማሪ «የየትኛው ነህ?» ቢባል «የተክሌ» ይላል እንጂ «የገብረ ሃና» አይልም።

ደብረ ታቦርን ያላየ አንባቢ ቢኖር፣ ከተማዋ በፋርጣ ደጋ፣ ከባሕር ወለል 2,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የተቀመጠች፣ ቁመቱ ከ4,000 ሜትር የሚያልፈው የጉና ተራራ በምሥራቅ በኩል የሚጠብቃት ቀዝቃዛ አገር ናት። የየጁው ራስ ጉግሣ የቆረቆሯት፣ አፄ ቴዎድሮስ የተቀመጡባት፣ አፄ ዮሐንስ አራተኛም ብዙ ጊዜ የከተሙባት ናት። ጋፋትም በአጠገቧ ነው፤ ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ የተሠራበት። አፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ሲነሡ ያን መድፍ በሰው ጉልበት እያስጎተቱ፣ መንገድ እያስጠረጉ፣ ወራት ፈጅቶባቸው መቅደላ አደረሱት፤ እስከ ዛሬም እዚያው ተቀምጧል። ከዚያችው ከተማ የወጣው ዝማሜ ግን ክብደት አልነበረውም፤ ደበሎ የለበሰ ተማሪ በራሱ ውስጥ ይዞት ወጣ። ታሪክ አንዳንድ ጊዜ እንዲህ ያጫውታል።

ይህ ከሰው ተሰውሮ የመሥራት ልማድ በአለቃ ገብረ ሃና አልተጀመረም፤ የአገሩ ልማድ ነው። የደቡብ ጎንደር ደጋ በአብነት ትምህርት ቤት የበለጸገ ነው። በጋይንት ቤተልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት፤ ዙር አምባ የዝማሬ መዋሥዕት ማስመስከሪያ ናት። ዙር አምባ ዙሪያው ገደል የሆነ አምባ ነው፤ በትውፊት እንደሚነገረው ቅዱስ ያሬድ ዝማሬውንና መዋሥዕቱን የደረሰው በዚያ ተቀምጦ ነው። ስለ ያሬድ የሚነገረውንም ሁሉም ያውቀዋል፤ በንጉሡ በአፄ ገብረ መስቀል ፊት ሲያዜም ንጉሡ በዜማው ተመስጦ ጦሩን በያሬድ እግር ላይ ተከለ፤ እርሱም ሕመሙ አልተሰማውም። ንጉሡ ደንግጦ «የፈለግኸውን ጠይቀኝ» ቢለው ሹመት አልጠየቀም፤ ከከተማ ወጥቶ እንዲሄድ ፈቃድ ጠየቀ። የዜማ አባት ከንጉሥ የለመነው ስጦታ ብቸኝነት ነበር።

በቅኔ ቤትም ዘንድ ነገሩ የየቀኑ ሥርዓት ነው። ተማሪው ጧት አኩፋዳውን አንግቶ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ቁራሹን ይለምናል፤ ከውሻ ጋር ይታገላል፤ ያገኛትን ቀምሶ ከጓደኞቹ ይለያል። አንዱ ዛፍ ሥር፣ አንዱ ጥሻ ውስጥ፣ አንዱ ከወንዝ ዳር፣ ራሱን ተከናንቦ ቅኔውን ሲቆጥር ይውላል። ቃሉን ይመዝናል፤ ሰሙን ከወርቁ ያስማማል፤ ቤቱ ቢጎድልበት አፍርሶ እንደገና ይጀምራል። በዚያን ጊዜ ወደ እርሱ ሄዶ ማነጋገር ነውር ነው። ማታ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ያርሙታል፤ የማይረባውንም ይጥሉበታል። ነገ ደግሞ የትናንቱን መድገም የለም፤ አዲስ መቁጠር ነው። የሰው ቅኔ ሰርቆ የተገኘ ወዮለት! ልብ እንበል፤ ተማሪው ቀኑን ሙሉ የለፋበትን ቅኔ የሚሰማው አንድ ሰው ነው፤ መምህሩ። ከዚህ አልፎ በሕዝብ ፊት በማሕሌት የሚቀኝበት ቀን የሚመጣው ከዓመታት በኋላ ነው።

በዘመናችን ይህን መንገድ ከተከተሉት ሁሉ ስማቸው በዓለም የተሰማው እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ናቸው። በታኅሣሥ 1916 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከከንቲባ ገብሩ ደስታ የተወለዱት እኚህ ሴት በልጅነታቸው በስዊስ አገር፣ በኋላም በካይሮ ሙዚቃ ተምረው፣ ከፍ ያለ ትምህርት ተስፋቸው ሲቋረጥ ወደ ግሸን ማርያም ሄደው መነኰሱ። በዚያ ተራራ ጫማ ሳያደርጉ አሥር ዓመት ያህል ኖሩ። ፒያኖ የለ፣ አድማጭ የለ። ከዚያ በኋላ ወደ ጎንደር መጥተው የያሬድን ዜማ በሚያጠኑበት ጊዜ፣ የቆሎ ተማሪዎች በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ሥር ተኝተው ሲያድሩ አዩ። የሚሰጡት ገንዘብ አልነበራቸውምና ሙዚቃቸውን ሊሰጡ ወሰኑ፤ እ.ኤ.አ. በ1967 በጀርመን አገር የታተመው የመጀመሪያው ሸክላቸው የወጣው እነዚያን ተማሪዎች ለመርዳት ነው። እንግዲህ በዓለም ሁሉ የሚደመጠው ያ ፒያኖ ከኋላው የጎንደር የዜማ ተማሪ አለበት። እማሆይ በ1976 ዓ.ም. ወደ ኢየሩሳሌም ሄደው በገዳም ሲኖሩ፣ መጋቢት 17 ቀን 2015 ዓ.ም. እዚያው ዐረፉ። ድርሰታቸውን ለዓለም ያዳረሰው ግን፣ እውነቱን መናገር ይገባናል፣ ይኸው የምንወቅሰው ኢንተርኔት ነው። እርሳቸው በአንዲት ክፍል ከፒያኗቸው ጋር ተቀምጠው ሳለ፣ ሥራቸው በማያውቋቸው ሰዎች ጆሮ ሲዞር ነበር።

ስለዚህ ስልኩ ጠላት ነው አንልም። የሸመገሉ የድጓና የአቋቋም መምህራን ድምፅ በስልክ እየተቀዳ መቀመጡ ትልቅ በረከት ነው፤ የጥንቱ መምህር ሲሞት አብሮት የሚቀበር ስንት ዜማ ነበር! በሩቅ አገር ያለ ዲያቆን የተክሌን ዝማሜ በዩቲዩብ ተመልክቶ የረሳውን ያስታውሳል። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ክርክራችን ስለ ጊዜው ነው። ሥራ የሚወለድበት ጊዜ አለ፤ ሥራ የሚሰጥበት ጊዜ አለ። ማኅበራዊ መገናኛ የሚባለው ለሁለተኛው የተፈጠረ መሣሪያ ሆኖ ሳለ፣ ወጣቱ የዜማ ደራሲ በፊተኛው ሰዓት ያስገባዋል። ገና ሁለት ስንኝ ሳይይዝ በቲክቶክ ይለቃል፤ በፌስቡክ «እንዴት ነው?» ይላል፤ አሥሩ ያሞግሱታል፣ አንዱ ይሰድበዋል፤ ለተሳደበው ሲመልስ ሌሊቱ ይነጋል። በማግስቱ ዜማው የት እንደ ደረሰ ቢጠየቅ፣ የሚያውቀው ስንት ሰው እንደ ወደደው ነው። የቅኔ መምህሩ አንድ ጆሮ ነበር፤ ያውም የሚያውቅ ጆሮ። ዛሬ ግን አሥር ሺህ ጆሮ አለ፤ እርማት ግን የለም።

ይህ ለዜማ ደራሲ ብቻ የሚነገር ነው ብሎ ወጣቱ የመሥሪያ ቤት ሰው እንዳያልፈው። ጥናት የሚጽፍ፣ ዕቅድ የሚያወጣ፣ ሕግ የሚያረቅቅ ባለሥልጣን ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጠው ስልክ በየደቂቃው ቴሌግራም ሲያንጫጫበት ሲውል፣ በመጨረሻ ያዘጋጀው ወረቀት ያለፈው ዓመት ወረቀት ቀኑ ተቀይሮ የሚገኘው በከንቱ አይደለም። (ይህን የሚያነብ አንዳንዱ አሁን ስልኩን ገልበጥ አድርጎ እንደሚያስቀምጠው እናውቃለን።)

አንዳንድ ሰው «ጥንት ሰው ተገዶ ነበር እንጂ መርጦ አልነበረም፤ ስልክ ቢኖር ኖሮ አለቃም ይዘውት ይሄዱ ነበር» ይለን ይሆናል። ሊሆን ይችላል። አለቃ ገብረ ሃና ስልክ ቢኖራቸው ምን ያህል ተከታይ እንደሚኖራቸው መገመት አያዳግትም፤ ከሁሉም ይበልጡ ነበር። እኛን የሚያስፈራንም ይኸው ነው። በየሰዓቱ አዲስ ቀልድ የሚጠብቅ ሕዝብ በኪሳቸው ይዘው ወደ ሬማ ቢሻገሩ ኖሮ፣ ዛሬ ምናልባት በብዙ ሺህ የሚቈጠር ቀልድ በኖረን፤ ዝማሜው ግን ባልኖረን ነበር። ደግሞም ያን ጊዜም ቢሆን ምርጫ አልጠፋም፤ የጎንደር ከተማ ነበረች፣ የመኳንንቱ አዳራሽ ነበረ፣ ሰሚውም ሞልቶ ነበር። ዝማሜው ግን ከዚያ አልወጣም።

ዛሬም በደብረ ታቦር የተክሌ አቋቋም ይሰጣል። ተማሪው በአብዛኛው ከገበሬ ቤት የመጣ ልጅ ነው፤ ጥቂቱም ስልክ አለው። ዓመታት የሚፈጅ ትምህርት ነውና በመካከሉ እየተወ ወደ ከተማ የሚሄደው ብዙ ነው። ከተማ የሄደው ልጅ ኑሮ አሸንፎት ይሁን ዝና ጠርቶት፣ እኛ አንፈርድበትም፤ እማሆይ ጽጌ ማርያም ያዩት የቅጥር ሥር ማደሪያ ዛሬም ስንት ተማሪ እንደሚያድርበት የሚያውቅ ያውቀዋል። የዚህ ጽሑፍ አንባቢ የሆነ ባለሥልጣን፣ ስለ ባህል ቅርስ በስብሰባ ሲናገር፣ የተማሪውን ጎጆና ቁራሽ አስቦ ቢናገር መልካም ነው። ብቸኝነትን ተማሪው ራሱ ያገኘዋል፤ እንጀራውን ግን ብቻውን አያገኘውም።

ዝማሜውን በዐይኑ ለማየት የሚፈልግ ሰው ነሐሴ 13 ቀን፣ በበዓለ ደብረ ታቦር፣ ወደዚያች ከተማ ቢሄድ ይበጀዋል። ነገር ግን ብዙ እንግዳ የሚሳሳተው በሰዓቱ ነው፤ ጧት ቁርሱን በልቶ ሲደርስ የሚያገኘው ከበሮውንና ወረቡን፣ የልጆቹንም የቡሄ ጅራፍ ነው። ከበሮው የሚገባው ዝማሜው ካለፈ በኋላ ነውና፣ መቋሚያው በጸጥታ ወደ ቀኝ ወደ ግራ ሲያዘነብል ለማየት በሌሊት፣ ጋቢ ደርቦ፣ መሄድ ያስፈልጋል። የጉና ብርድ በነሐሴ ይከብዳል።